ጭራቁ ሞቶ የተነሳበት ቀን

(ሳሎን ውስጥ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ መጋረጃው ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ሁለት ሰዎች ሶፋው ዙሪያ ይነታረካሉ። አንደኛው በሲኒማ ቤት አርባ ዓመት ፊልም ሲያጫውቱ ኖረው ጡረታ የወጡ አያት ናቸው። ሁለተኛዋ በፊልም ጥናት ሁለት ዲግሪ ያላት የልጅ ልጃቸው ናት፤ ዲግሪዎቹን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች። ከጎን ክፍል የሴት አያቷ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።)

የልጅ ልጅ፦ አባባ፣ መብራቱን ያጥፉት አልኩ እኮ!

አያት፦ መነጽሬን ላግኝና።

የልጅ ልጅ፦ ግንባርዎ ላይ ነው ያለው።

አያት፦ እሱ የማንበቢያው ነው። የምፈልገው የሩቅ ማያውን ነው።

የልጅ ልጅ፦ አስፈሪ ፊልም በጨለማ ነው የሚታየው። ይሄ የትምህርቱ ሀሁ ነው።

አያት፦ አርባ ዓመት ጨለማ ውስጥ የሠራሁት እኔ፣ ስለ ጨለማ የምታስተምሪኝ አንቺ። በይ እሺ። (ያጠፋሉ። ወደ ሶፋው ሲመለሱ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ይመታል።) ወይኔ ጉልበቴ!

የልጅ ልጅ፦ አዩ? ገና ሳይጀምር ድባቡ መጣ።

አያት፦ የመጣው እብጠት ነው። አያትሽን ልጥራት? አብራን ትይ።

የልጅ ልጅ፦ እማማን? ኧረ ይተዉአቸው። እሳቸው ስለ ፊልም ምን ያውቃሉ? ጩኸት በሰሙ ቁጥር ስፌቱ ይዛባባቸዋል። አሁን ዝም ብለው ይከታተሉ። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህንን ፊልም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። ንግግሬ ከተወደደ የሲኒማ ቤቱ የፕሮግራም ኃላፊ እሆናለሁ። ካልተወደደ ደግሞ እንደ እስከ ዛሬው በር ላይ ፖስተር እየለጠፍኩ እኖራለሁ።

አያት፦ ከዚያ ሁሉ ፊልም ግን... ሌላ አልነበረም?

የልጅ ልጅ፦ ምነው? በስድስት ዓመቴ ይዘውኝ ሄደው ያሳዩኝ ይሄንኑ አይደል? ማሽኑ አጠገብ ኮትዎ ውስጥ ተደብቄ፣ በአዝራሩ ቀዳዳ ነበር የማየው። ፊልም የወደድኩት ያን ቀን ነው፣ አባባ።

አያት፦ (ደስም ይላቸዋል፣ ጭንቅም ይላቸዋል።) እኔም አልረሳሁትም። ኮቱን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

(ቴሌቪዥኑ ላይ የድስት ክዳን የመሰለ የጠፈር መንኮራኩር እየተወዛወዘ ይወርዳል። ውስጡ ያለው ጭራቅ እያጓራ ይወጣል።)

አያት፦ ክሩ ታየኝ።

የልጅ ልጅ፦ የቱ ክር?

አያት፦ መንኮራኩሩ የተንጠለጠለበት።

የልጅ ልጅ፦ ሆን ተብሎ ነው። የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ከላይ የተያዘ መሆኑን ያሳያል።

አያት፦ ጭራቁም ጀርባው ላይ ዚፕ አለው።

የልጅ ልጅ፦ እሱማ ዋናው ነገር ነው! ጭራቅነት ልብስ ነው፤ ማንም ሊለብሰው ይችላል ማለት ነው።

አያት፦ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ምሳውን እንዴት ነበር የሚበላው?

የልጅ ልጅ፦ አባባ!

አያት፦ አይ፣ አሳዝኖኝ ነው። የዘንድሮ ጭራቅ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ አይርበው፣ አያልበው። አንቺም አውቶቡስ ውስጥ በመዳፍሽ ይዘሽ ታዪዋለሽ። ጭራቅ መዳፍ ላይ ከገባ እሱ ነው ሰውን መፍራት ያለበት።

የልጅ ልጅ፦ ለዚህ እኮ ነው ዛሬ በትልቁ የከፈትኩልዎት። ዝም ብለው ይዩ።

(ፊልሙ ይሄዳል። ጭራቁ ሁለት ሰው ይበላና እሳት ውስጥ ወድቆ ይሞታል። ክንዱ በፋሻ የታሰረ ዶክተር ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ያገባል። ሠርጉ እንዳለቀ ጭራቁ ከነነፍሱ ብቅ ይላል።)

አያት፦ (ቀስ ብለው) እንዴ፣ አሁን እሳት ውስጥ ሞቶ አልነበረም?

የልጅ ልጅ፦ ሞቶ ነበር።

አያት፦ ታዲያ?

የልጅ ልጅ፦ ተነሳ! የፊልሙ ምስጢር እኮ እሱ ነው። ‹ክፉ ነገር አይሞትም፤ ተራውን ይጠብቃል እንጂ› ብሏል ‹ተመልካቹ›።

አያት፦ (ትን ይላቸዋል።) ማን አልሽ?

የልጅ ልጅ፦ ‹ተመልካቹ› ነዋ! ፊልሙ መጀመሪያ የታየ ጊዜ በዚህ የብዕር ስም ጋዜጣ ላይ የጻፈው ታላቅ ሃያሲ። አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ጠፋ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ግማሹ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አያት፦ ግማሹ? ሌላውስ?

የልጅ ልጅ፦ ሌላው ግማሽ እሱን ማብራሪያ ነው። የሚገርምዎት፣ ሦስት ዓምድ ሙሉ ሲጽፍ የጭራቁን መልክ በአንድ ቃል እንኳ አልነካውም! ‹መልኩን መግለጽ ፍርሃቱን መግደል ነው› አለ። የሕዝቡን ጩኸት ግን በአራት ዓይነት ከፋፍሎ ነው የተነተነው። ይህ ሰው ፊልም የሚያየው በጆሮው ነው!

አያት፦ በጆሮ... (ወደ ጎን ክፍሉ በር ይመለከታሉ።) ልክ ነሽ፣ በጆሮ ነው።

የልጅ ልጅ፦ እርስዎ የት ያውቁታል?

አያት፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ዶክተሩን እዪው እስኪ። አሁን አግብቷት፣ ከሠርጉ በኋላ ‹ይቅርታ፣ ስምሽን ማን ልበል?› ይላታል።

የልጅ ልጅ፦ በትዳር ውስጥ ያለ መራራቅ ነው! ስንት ባልና ሚስት ነው አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ የማይተዋወቀው?

አያት፦ እኔ እንኳ አያትሽን ስሟን የጠየቅኳት ከሠርጉ በፊት ነው።

የልጅ ልጅ፦ እርስዎ ሥነ ጥበብ አይደሉም።

አያት፦ ክንዱስ? ሠርጉ ላይ ታስሮ ነበር። አሁን ደህና ሆነ። ይኸው ደግሞ ከደረጃ ወድቆ ሰበረው!

የልጅ ልጅ፦ ቁስሉን ከመቁሰሉ በፊት አየነው ማለት ነው። ይሄ ትንቢት ይባላል። አሥራ ስድስት ገጽ ጽፌበታለሁ።

አያት፦ በአንድ ፋሻ?

የልጅ ልጅ፦ ዚፑ ሃያ ነው።

(ቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቱ ደረጃ ላይ ቆማ ትጮኻለች። ፊልሙ በጩኸቱ መካከል ቁርጥ ይላል። ከጎን ክፍል የስፌት መኪናውም አብሮ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል።)

የልጅ ልጅ፦ (እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ) መጨረሻ የሌለው መጨረሻ! ጩኸቱን ለእኛ አሸክሞን ሄደ።

አያት፦ ትንሽ የተቆረጠ አልመሰለሽም?

የልጅ ልጅ፦ አባባ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ ማሽኑን አንቀሳቀሱ እንጂ ፊልሙን አላዩትም። መኪና የነዳ ሁሉ መካኒክ አይደለም።

አያት፦ እሱስ ልክ ነሽ።

የልጅ ልጅ፦ ከእርስዎ ይልቅ የገረሙኝ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ናቸው። አድሰው የላኩልንን ቅጂ ቢያዩት! ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል አገላብጠውታል። ጭራቁ ሞተ፣ ተጋቡ፣ አለቀ። የልጆች ተረት አደረጉት!

አያት፦ (በጣም ቀስ ብለው) እነሱ... ናቸው ያገላበጡት?

የልጅ ልጅ፦ ዝም የምል መሰልኩዎት? ዘጠኝ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ‹የገዛ ፊልማችሁን አታውቁትም፤ እፈሩ!› አልኳቸው። ‹የእኛ ወረቀት እንዲህ ይላል› ብለው ድርቅ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እኔም ቴክኒሻናችንን ቁጭ አድርጌ ቅጂውን ወደ ቀድሞው ቦታው አስመለስኩት። አሁን ያዩት እሱን ነው።

አያት፦ እና... በዚያው ተዉት?

የልጅ ልጅ፦ ነገ አንድ ሰው ይልካሉ። ፊልሙ የተሠራበትን የመጀመሪያ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ መድረክ ላይ ገልጠን እናስተያያለን።

አያት፦ ሕዝብ ፊት?

የልጅ ልጅ፦ ሕዝብ ፊት! ከዚያ ‹ምስክር አለኝ› እልና እርስዎን አስነሳለሁ። ፊልሙን እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጫወተው ሰው በአካል! ያንን ኮት ይልበሱ።

አያት፦ (ይነሳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ እንደገና ይነሳሉ። ሄደው መብራቱን ያበራሉ።)

የልጅ ልጅ፦ ምን ሆኑ?

አያት፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ሲያድር ሲያድር ቆየና ይኸው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊነጋ ነው። ልጄ፣ ቁጭ በይ።

የልጅ ልጅ፦ ቁጭ ብያለሁ እኮ።

አያት፦ ደገፍ በይ። ያ ፊልም በአራት ቆርቆሮ ታሽጎ ነበር የሚመጣው። አንዱ ጥቅል ሲያልቅ ሌላውን ትጭኛለሽ። ቆርቆሮው ላይ ቁጥር አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መቁጠር ለሚችል ሰው ከባድ ሥራ አይደለም።

የልጅ ልጅ፦ እሺ?

አያት፦ ያን ቀን መቁጠር አልቻልኩም።

የልጅ ልጅ፦ አሞዎት ነበር?

አያት፦ አዲስ ትኬት ቆራጭ ገብታ ነበር።

(ከጎን ክፍል የስፌት መኪናው ይሰማል።)

አያት፦ የምትቀመጥበት ወንበር አልነበራትም። ሁለተኛው ጥቅል እየሄደ ሳለ ወንበር ላደርስላት ወረድኩ። ወንበሩን ሰጥቼ መመለስ ነበረብኝ፤ ስሟን ጠየቅኳት። ስሟን ሰምቼ መመለስ ነበረብኝ፤ ሰፈሯን ጠየቅኳት። በኋላ አዳራሹ በፉጨት ሲናወጥ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁና እጄ የገባውን ቆርቆሮ ከፈትኩ።

የልጅ ልጅ፦ (ድምፅዋ ቀጥኖ) ስንት ቁጥር?

አያት፦ አራት።

የልጅ ልጅ፦ አይበሉኝ!

አያት፦ ጭራቁ ሞተ፤ ተጋቡ፤ ሰዉ ሊወጣ ኮቱን አነሳ። ዞር ብል አንዲት ቆርቆሮ ቀርታለች፤ ሦስት ቁጥር። ምን ላድርጋት? ጫንኳት።

የልጅ ልጅ፦ ጭራቁም...

አያት፦ ተነሳ! አዳራሹም አብሮት ተነሳ። አንድ ፖሊስ ወንበር ሥር ገባ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ማለት ያን ቀን ነው።

የልጅ ልጅ፦ አሥራ ስድስት ገጽ...

አያት፦ ፋሻውን እንግዲህ ለሐኪም ተይው።

የልጅ ልጅ፦ በማግሥቱ ለምን አላስተካከሉትም?

አያት፦ አስተካክዬው ነበር! ሰዉ ‹ትናንት ሞቶ ተነሳ ተብለን ነው የመጣነው፤ የእኛ ለምን አይነሳም?› ብሎ ወንበር ነቀለ። አለቃዬ ነገሩን ደረሰበትና ‹ቅዳሜ ቁልፍህን አስረክበህ ትሄዳለህ› አለኝ። ዓርብ ዕለት ግን ጋዜጣው ወጣ። ‹ክፉ ነገር አይሞትም› የሚለው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደረሰ። አለቃዬም ‹ከእንግዲህ የጥቅሎቹን ተራ የነካ እጁን እሰብረዋለሁ› አለ። ይኸው እስክትወለጂም፣ ስድስት ዓመት እስኪሞላሽም ማንም አልነካው።

የልጅ ልጅ፦ (ትንሽ ነፍስ ትዘራለች።) ቆይ... ቆይ! እንደዚያ ከሆነ ‹ተመልካቹ› ከስህተት ውስጥ ትርጉም አወጣ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሂስ አለ? ነገ ይህንኑ እላለሁ። አጫዋቹ ቢሳሳትም እሱ አልተሳሳተም። ቢያንስ አንድ የሚያስተውል ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር!

አያት፦ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

የልጅ ልጅ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አያት፦ አንቺው ነግረሽኛል እኮ። የጭራቁን መልክ አላነሳም፤ ጩኸቱን ግን በአራት ከፍሏል። ትኬት መቁረጫ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይደርሰዋል?

(የልጅ ልጅ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ጎን ክፍሉ በር ታዞራለች።)

የልጅ ልጅ፦ አይደረግም።

አያት፦ ‹በእኔ ወንበር ሰበብ እንጀራህ አይቀርም› አለችኝ። ከትኬት በተረፈ ወረቀት ላይ ጽፋ ለጋዜጣው ላከችው። ያን ሰሞን ነው ላገባት የወሰንኩት።

የልጅ ልጅ፦ እማማ? ፊልሙን ሳያዩት?

አያት፦ አስፈሪ ነገር አይሆንላትም። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላየችውም።

የልጅ ልጅ፦ ሁለት ዲግሪ...

አያት፦ ደብዳቤውስ ስንት ገጽ ነበር ያልሽኝ?

የልጅ ልጅ፦ አይጠይቁኝ! ነገ ምን ብዬ እቆማለሁ? ሰውየው ከነጽሑፉ ይመጣል፤ አዳራሹ ይስቅብኛል፤ ሥራውም ቀረ። አባባ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ፈርቻለሁ።

አያት፦ ነይ ወደዚህ። ኮቱ አሁን አይበቃሽም እንጂ እደብቅሽ ነበር። ስሚኝ፤ አንድ ፊልም አጫዋች በአንድ ቁራጭ ወረቀት ያዳነች ሴት አንዲት ሊቅ ማዳን አያቅታትም። ሂጂ ጠይቂያት።

(የልጅ ልጅ ንግግሯን የምትጽፍበትን ደብተር ይዛ ሄዳ በሩን ቀስ ብላ ታንኳኳለች። ስፌት መኪናው ይቆማል። ትገባለች። አያት ብቻቸውን ቀርተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። በሩ ተከፍቶ ትመለሳለች፤ ደብተሯን ይዛ አልወጣችም።)

አያት፦ እህ? ምን አለችሽ?

የልጅ ልጅ፦ ‹ንግግሩን እጽፍልሻለሁ› አሉኝ።

አያት፦ አላልኩሽም?

የልጅ ልጅ፦ ‹ጭራቁ ምን እንደሚመስል ግን እንዳትነግሪኝ› አሉ።