ሱልጣኑ እናቴ አንገት ላይ

እስከ ዛሬ ደካማ ነገሩ ጠፍቶበት የተጨነቀ ሰው አላጋጠመኝም። የተቀደደ ካልሲ ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል? ቀለሙ ያለቀ እስክሪቢቶ ቢጠፋስ ማን ጎረቤቱን ይጠረጥራል? ጭንቀት የሚጀምረው እጅህ ላይ አንድ ጠንካራ ነገር የገባ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኪስ መዳበስ ነው፣ በር መቆለፍ ነው፣ ሰው ባሳለ ቁጥር መደንገጥ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ለቅሜ አይደለም። መካነ ሰላም ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ከመዳፌ በማትበልጥ አንዲት ካርድ የተነሳ እህል ከአፌ ጠፍቶ ስለነበር ነው።

ካርዶቹ የመጡት ከጅዳ ነው። እህቴ ዘይነባ የምትሠራበት ቤት ልጅ ሰልችቶት ሊጥላቸው ሲል ለምና ወሰደቻቸውና፣ በላከችልን ብርድ ልብስ መሃል ጠቅልላ ሰደደቻቸው። ቁማር እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ካርድ ሥዕል አለው፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ጉልበቱና ሥራው በዐረብኛ ተጽፏል። ዘንዶ አለ፣ ግንብ አለ፣ ወታደር አለ፣ እንቁራሪት ሳይቀር አለ። ጽሑፉን የሚያነብልን ጓደኛዬ ሰይድ ነበር። ሰይድ ሪያድ ውስጥ ሾፌር ሆኖ ኖሮ ተመልሶ ሻይ ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ የዐረብኛ ነገር በእሱ ካለቀ ይግባኝ የለውም።

በሰይድ ንባብ መሠረት ደንቡ እንዲህ ይላል። ተጫዋች ይዞ የሚቀርበው ካርድ ልክ አርባ ይሁን፤ ሠላሳ ዘጠኝ ይዞ የመጣ ሳይጫወት ተሸነፈ። አንድ ዓይነት ካርድ ከሦስት በላይ መያዝ ክልክል ነው። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆኑት ግን ጉልበታቸው ስለሚያሰጋ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ከዚያ ሁሉ ካርድ አርባ መርጦ ማሰናዳት ቀላል ሥራ መሰላችሁ? ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበርና፣ እኔም መጀመሪያ አንድን ጠንካራ ከአምስት ደካሞች ጋር አደራጅቼ ሞከርኩት። አንዱ ሲሠራ አምስቱ ዝም ብለው ያያሉ። በመጨረሻ ግምገማ ተቀመጥኩና እንቁራሪቶቹን በሙሉ አባረርኳቸው።

የኔ ኩራት ግን የማዕበሉ ሱልጣን ነበር። ነጭ ጢም አለው፣ ራሱ ላይ ጥምጥም፣ እጁ ላይ በትር፤ ማዕበል ረግጦ ቆሟል። እሱ ጠረጴዛ ላይ የወጣ እንደሆነ ባላጋራህ የደረደረው ካርድ በሙሉ ይጠረጋል። አቀስታ ውስጥ ደግሞ ተስፋዬ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ እሱም ዱባይ ካለች ዘመዱ እንደዚሁ ካርድ የተላከለት ነው። እሑድ በሚኒባስ መጥቶ ሰይድ ሻይ ቤት ሊገጥመኝ ተቀጣጠርን። ውላችን፣ ተሸናፊ ከካርዶቹ ሁሉ ጠንካራውን ያስረክባል የሚል ነበር። ይህን ውል ማን አመጣው? እኔው በገዛ አፌ!

ሳምንቱን ፈተና ሳርም ከርሜ ቅዳሜ ጠዋት ካርዶቼን ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ዘጠኝ። የጎደለው ማን እንደሆነ ሳላይ ሆዴ ነገረኝ። ፍራሽ ገለበጥኩ፣ የተማሪ ደብተር አንድ በአንድ አራገፍኩ፣ ቁም ሳጥኑን ጎትቼ ከኋላው ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ምን እንደጠፋኝ ጠየቀችኝ። ወረቀት ነው አልኳት። እንግዲያማ ይበልህ አለችኝ፤ የማንንም ወረቀት ከማን ጋር እያዝረከረክህ ነው የምትኖረው። ማክሰኞ ዕለት ከአግዳሚው ሥር የቁርኣን ፊደል ያለበት፣ የትልቅ ሸህ መልክ ያረፈበት ወረቀት እግር ሲረግጠው አግኝታ፣ አስተግፊሩላህ ብላ አንስታ ስማዋለች። ከዚያም ለቆዳ ሰፊ ወስዳ ክታብ አስደርጋዋለች። ይህን ብላ ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና አንገቷን አሳየችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘይነባ አራት ወር ሙሉ አልደወለችም ነበር። እናቴ አራቱን ወር ስልኳን ከእጇ ሳትለይ፣ የበላችው ሳይዋሃዳት ነው የከረመችው። ሐሙስ ዕለት ስልኩ ጮኸ። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ኖሯል፤ ደህና ነኝ አለች፤ ድምፅዋ የራሷ ነበር። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። የደወለችው በማን ትእዛዝ እንደሆነ የገባኝ ግን ይኸው ቅዳሜ ቁም ሳጥን ጎትቼ ነው።

ታዲያ ምን ልበላት? እማ፣ ይህ መጫወቻ ነው ልበላት? ወደ ሰይድ ሮጥኩ። ሰይድ ሳቁን እንደምንም ውጦ፣ ሱልጣኑ ላይ የተጻፈውን አስታወሰኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ከሠራ በኋላ ወደ መቃብር ይወርዳል ይላል። መቃብር የሚሉት የተጣሉ ካርዶች የሚከመሩበትን ቦታ ነው። አውቃለሁ! ቢሆንም ያ ቃል እናቴ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ሲታሰበኝ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ነፋስ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚነፍስ ለተማሪ የማስረዳ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ያን ዕለት የተማርኩት ሁሉ አልደረሰልኝም።

አሁን ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ። ከተሸነፍኩ ሱልጣኑን ማስረከብ አለብኝ፤ ሱልጣኑን ማስረከብ ማለት ደግሞ እናቴ አንገት ላይ መቀስ ማንሳት ነው። ስለዚህ ያለ ሱልጣኑ፣ ለሱልጣኑ ስል ማሸነፍ ነበረብኝ። አርባ እንዲሞላልኝ አንዷን እንቁራሪት ይቅርታ ጠይቄ መለስኳት።

እሑድ ተስፋዬ መጣ። የማርያምን ምስል ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ ወላሂ ዛሬ ሱልጣኑን አቀስታ ይዤው እገባለሁ ብሎ ማለ፤ እኛ አገር መሐላ ድንበር የለውም። የእሱ ጠንካራ የብረት ጎሽ የሚሉት ነው፤ አንዴ ከወጣ ወታደሮቼን እንደ ገለባ ነው የሚበትናቸው። እኔ ካርድ ለመሳብ እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ላቤ ሻዩ ውስጥ ጠብ ይላል። ተስፋዬ መንቀጥቀጤን አየና ሌላ ትርጉም ሰጠው፤ ሱልጣኑ እጁ ገብቷል፣ የሚያወጣበት ሰዓት አስጨንቆት ነው ብሎ አሰበ። ጎሹን ባወጣው ይጠረግብኛል ብሎ ፈራ። በየተራው አንድ ሁለት ደካማ ካርድ ጣል እያደረገ፣ ጎሹን እጁ ላይ አቅፎ፣ ሱልጣኑ ወጥቶ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ሱልጣኑ አልወጣም። እኔ በወታደሮቼ ቀስ በቀስ በላሁት። ጨዋታው ሲያልቅ ጎሹ ገና እጁ ላይ ነበር።

ተስፋዬ ጎሹን እያስረከበኝ ሱልጣኑ የት እንደነበር ጠየቀኝ። ሥራ ላይ ነው አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ በሩን ስከፍት ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ስድስት ይሁኑ ሰባት። ሁሉም ስልካቸውን ጨብጠዋል። ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ክታቧን ወደ ልብሷ ውስጥ እያስገባች፣ ከሱ ዘንድ ሌላም ሞልቷል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ አለችኝ። ጎሹ ያለበትን ክምር ከኪሴ አወጣሁ። ኅሊናዬ እምቢ አለኝና፣ እናቶቼ፣ ይህ እኮ የልጆች መጫወቻ ነው አልኩ። ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ወጣ። እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እትዬ ፋጡማ፣ ይሁን ልጄ፣ ዘይነባ ደውላ የለ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከላይ ያገኘሁትን አንዱን ወታደር ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ገለበጡት፣ ጦሩን በጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያም በሁለት እጃቸው በአክብሮት መለሱልኝ።

«የኔዋ ያለችው ኩዌት ነው፤ ጠንከር ያለውን ስጠኝ።»