ሳላሳርፋት አልመጣም

በየቤቱ፣ ምግብ ቀርቦ ሁሉም ሲጠብቀው «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ የማይመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። የዚህ ቤት ክቡር ካፒቴን ግን በቂ ምክንያት አላቸው፤ ወፋቸው አየር ላይ ናት።

«ካፒቴን» ያላቸው ልጃቸውን ያገባው የፊዚክስ መምህር ነው፤ እሱም በሹክሹክታ። አርባ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው፣ ጉልበታቸው ከከዳቸውና ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ኮምፒውተር ላይ ወፍ ያበራሉ። ጨዋታው ነጥብ የለው፣ ጠላት የለው፣ ማለቂያ የለው። ወፏ ፀሐይ ካጋለው ጣሪያ የሚነሳ ሞቃት አየር ካገኘች ክንፏን ሳታርገበግብ እየዞረች ሽቅብ ትወጣለች። ለማረፍ ደግሞ ጅራቷን ዘርግታ ፍጥነቷን መቀነስ አለባት። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰው ሳይቀር ይህን ቆሞ ተምሯል።

«አባባ፣ ሾርባው በረዶ ሆነ!» ትጮሃለች ልጃቸው።

«ሳላሳርፋት አልመጣም!»

መምህሩ በትዕግሥት ያስረዳል። «አባባ፣ ጨዋታውን ሲያቆሙት እሷም ባለችበት ትቆማለች። አትወድቅም እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው በሁለት ፎቅ መሃል ተንጠልጥሎ እኔ ምሳ በልቼ አውቃለሁ?»

«ወፍ ናት እኮ!»

«ወፍስ ብትሆን? ተንጠልጥላ የለም እንዴ?»

በዚህ ሕግ የተነሳ የልጅ ልጃቸው የልደት ሻማ ኬኩ ላይ ቀልጦ አልቋል።

ማክሰኞ፣ ሾርባው እንደቀረበ፣ ካፒቴኑ ደረታቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተዝለፈለፉ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቧቸው ስለ ልባቸው አልተናገሩም። «አየር ላይ ናት» አሉ። ልጃቸው አብራቸው ሄደች፤ መምህሩ ልብሳቸውን ይዞ ሊከተል ቀረ።

ልብሱን ሸከፈ። በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወፏ እንደማትወድቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሆንም ሻንጣውን አስቀምጦ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ወፏ ጣሪያውን አልፋ ሄደች። ቀጥሎ ከጭስ ማውጫው ጋር አላተማት። በአምስተኛው ሙከራ ጅራቷን ዘረጋ፤ ወፏ ጠርዙ ላይ ተንገዳግዳ ቆመች።

ደወለ። «ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገቧቸው ነው!» አለች ሚስቱ እያለቀሰች።

«ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊልኝ። አባባ? አረፈች።»

«ጅራቷን ዘረጋህ?» አሉ ካፒቴኑ።

«ዘረጋሁ።»

«በል እንግዲህ፣ ምሳህን ብላ።»

ከዚያ የአልጋው ጎማ ድምፅ፣ ከዚያም የበር መዘጋት ተሰማ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ሾርባ ረግቷል። መምህሩ የራሱን ገፋ አድርጎ ሻንጣውን አነሳ። ሰው ተንጠልጥሎ እያለ ምሳ እንዴት ይበላል?