በጎን የተሳሉት አሳታሚ

ፎቶግራፍ የለመዳችሁ ሰዎች አትሳቁብኝ እንጂ፣ በእኛ በቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዘንድ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ሰይጣንና ከሐዲ ግን በጎን ስለሚሳሉ አንድ ብቻ ይደርሳቸዋል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ከመምህሬ ዘንድ ስድስት ዓመት ቀለም ስበጠብጥም አልጠየቅሁ፤ በጥፊ የሚመልስ ሰው ብዙ አይጠየቅም።

ጣሊያን መተማን ሲይዝ አሳታሚው አቶ ተድላ የማተሚያ መኪናቸውን ፈታትተው በግመል ጫኑና ወንዙን ተሻግረው በሱዳን በኩል ገላባት ላይ በሣር ጎጆ ተከሉት። ፊደልና ዳዊት ሲያትም ሃያ ዓመት የሞላው ቤት ነው። ለአርበኞች ወረቀት ሊያደርሱ ወደ አርማጭሆ ሲነሡ አስጠሩኝ።

«ለሃያኛ ዓመታችን የቤቱን ምልክት ቅረጽልኝ፤ በየመጽሐፉ ግንባር የሚታተም። ፊቴ ይሁን፣ በጎን።»

«በጎንማ ሰይጣን ነው፣ ጌታዬ።»

ከኪሳቸው ጠገራ ብር አውጥተው በጎን የተቀረጸችውን ንግሥት አሳዩኝ። «ይቺ ንግሥትስ ሰይጣን ናት?»

ብር ሲመሰክር ሠዓሊ ምን ይላል? እሳቸው ሄዱ፤ እኔ እንጨቴን ቀረጽሁ። ማክሰኞ ዕለት አትመን ገመድ ላይ ሰቀልነው። ነፋስ አልነበረም። ወረቀቱ ግን ይዞር ነበር፤ ሃያ አቶ ተድላ በግራ ዓይናቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን ያያሉ።

ባለቤታቸው እሜቴ የሺ መጡና አንዱን አወረዱ።

«ቀኝ ዓይኑስ?»

«በወዲያ በኩል አለ፣ እሜቴ» አልሁ፤ መቀለዴ ነበር።

ወረቀቱን ገልብጠው አዩ። ነጭ ነው።

«በዱር ያለ ሰው ነው፣ ልጄ። ዓይኑን መልስለት።»

ለመኑኝ። እኔ ደግሞ የተቀረጸ እንጨት አይቀጠልም አልሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራዬ አምሮብኝ ነበር። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ተድላ ራሳቸውን በጨርቅ ጠምጥመው በቀትር ገቡ። ጥይት አይደለም። ከባንዳ ሲሸሹ የግራር እሾኽ ነው ያገኛቸው፤ ቀኙን። መቼ ብሎ የጠየቃቸው ሳይኖር «ሁለት ሳምንት አለፈው፤ ማክሰኞ ዕለት» አሉ። ከዚያ ምልክቱን አንሥተው ወደ ቀረው ዓይናቸው አስጠጉት።

«የት አየኸኝ?»

እሜቴ የሺ ቀና ብለው አላዩኝም።

ይረግሙኛል ስል አቶ ተድላ፣ አሳታሚ አይደሉ፣ ሥራ አዘዙኝ። «እንግዲያው መተማ ያለውን የጣሊያን ሹም በጎን ቅረጽልኝ።»

ቀረጽሁት። አንዴ አይደለም፤ እንጨት እስኪያልቅብኝ ድረስ። ሹሙ ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ቆሞ በሁለት ዓይኑ፣ ያውም በመነጽር፣ ያየን ነበር። እጄ የሚሰምረው በወዳጅ ላይ ብቻ ነው መሰለኝ።