የአያ ደምሌ ኮርቻ

እንግዳ መቀበል ቀላል ነው። በሩን ከፍቶ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለትና ያለውን ማቅረብ የትም አገር ይታወቃል። እኛ ጎንደሮች የምንለየው እንግዳው ልሂድ ያለ ዕለት ነው። ልሂድ ብሎ በዚያው ቀን የሄደ እንግዳ ካያችሁ፣ ወይ እሱ ተቀይሟል፣ ወይ ባለቤቶቹ ሰልችተውታል፤ ሁለቱም ለጎረቤት የሳምንት ወሬ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳችንን እንይዘዋለን። በአፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዱላው ከቆመበት ጥግ ይጠፋል። ጋቢውን ሊደርበው እጁን ሲሰድ ጋቢው ሊታጠብ ተነክሯል። በበቅሎ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ኮርቻው ይደበቃል።

ድብብቆሹ ታዲያ ደንብ አለው። የሚደበቀው ሊገኝ ነው። እናቴ የአያ ደምሌን ኮርቻ ሁልጊዜ የምትደብቀው አባቴ አልጋ ሥር ሲሆን፣ ይህን በቅሎዋ ሳትቀር ታውቃለች። አያ ደምሌ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ያርሳሉ፤ በመስቀል፣ በጥምቀትና በዳግማ ትንሣኤ ከተማ ይወጣሉ። የመሄጃቸው ቀን ሲደርስ ኮርቻቸውን ፍለጋ ግቢውን ይዞራሉ፣ አልጋው ዘንድ ይደርሳሉ፣ ከአንሶላው ሥር ብቅ ያለውን እርካብ አሻግረው ያያሉ፣ «ኧረ ወዴት ገባ ይህ ኮርቻ» ይላሉ፣ ተመልሰውም ይቀመጣሉ። በማግሥቱ ኮርቻው በሩ ላይ ተደግፎ ይገኛል። ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በጥቅምት እኛ ለእሸት ስንወርድ ደግሞ ተራው የሳቸው ነው። የእናቴን ጥላ ይደብቃሉ፤ የአባቴን ባርኔጣ ይደብቃሉ። እኔን ለመያዝ ግን ጫማ መሰወር እንደማያስፈልግ ገና በልጅነቴ ደርሰውበታል። ያላለቀ መጽሐፌን ወስደው ጎተራ ውስጥ ከተቱት። ሁለት ቀን ቆየሁ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የገብስ ሽታ አለው።

ይህን ሁሉ የማወራው ሁለት ዓመት ስላለፈው ጥምቀት ልነግራችሁ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ እዚሁ ጎንደር አስተማሪ ሆኜ ከተመደብሁ ገና አራት ወር ሆኖኝ ነበር። ድምፄ ትንሽ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ በትሕትና «ይቅርታ፣ ትምህርቱ ተጀምሯል?» ብሎ ጠይቆኛል። ቤታችን የአያ ደምሌ ትልቋ ልጅ ይታይሽም ነበረች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ሦስት፣ ስድስተኛ ክፍል። ከኛ ጋር እየኖረች የምትማር ልጅ ናት፤ ሒሳብ ላይ ከኔ ትበልጣለች፣ ድምፅ ላይማ የማይበልጠኝ እንደሌለ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የዚያን ዓመት አያ ደምሌ ለጥምቀት ሲመጡ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ለአባቴ በጆሮው ነገሩት፤ አባቴ ለእናቴ ነገራት፤ እናቴ ለድስቱ ነገረችው፤ እኔም ከድስቱ አጠገብ ነበርሁ። በሚመጣው እሑድ ለይታይሽ ሽማግሌ ይላካል። ከሽማግሎቹ ፊት የሚቆሙት የአያ ደምሌ የንስሐ አባት ናቸው፤ ከሳቸው ቀጥሎ በሬ የሚያቀናጇቸው ጎረቤታቸው። አያ ደምሌ ዓርብ ልጅቱን ይዘው መመለስ አለባቸው። ዐቢይ ጾም በዚያ ዓመት ቶሎ ይገባ ስለነበር፣ እሺ ከተባለ ሰርጉም በጥር ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድም በልጁ ጉዳይ ሲናገር ታናሽ ወንድም የሚያየው መሬቱን ነው።

እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝና ንግግር ጻፍሁ። ሁለት ገጽ። መግቢያ ነበረው፣ ሐተታ ነበረው፣ መደምደሚያም ነበረው። አጥፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁትና ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ወረድሁ። ቀሐ በጥምቀት ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር ትርፍ ነው። ጎረምሶቹ ለልጃገረዶች ሎሚ ይወረውራሉ፤ እኔ ዘንድ አንድም አልመጣም። መነጽሬን እንዳይሰብሩት ሠግተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሕዝቡ ውሃው ተረጭቶበት እልል ሲል፣ በጫጫታው መሐል ድምፄ ቢንቀጠቀጥም አይታወቅብኝም ብዬ ወደ አያ ደምሌ ተጠጋሁ። ዞር ብለው አዩኝ።

«ምነው ተማሪዋ?»

«ውሃው ሸጋ ነው» አልኋቸው።

«ሸጋ ነው» አሉ።

ንግግሬ ይኸው ነበር። መግቢያውም መደምደሚያውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ይታይሽ ከኋላ ቀርታ እጄን ያዘችኝ። ለቅሶ የለ፣ ምን የለ። «እቴቴ፣ ደብተሮቼን ለማን ልተዋቸው? ገና ብዙ ንጹሕ ገጽ አላቸው» አለችኝ። እስከ በራችን ድረስ ስለ ንጹሕ ገጾቹ እያሰብሁ ሄድሁ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ወንድማማቾቹ በቅሎዋን ውሃ ሊያጠጡ ወርደዋል፤ ኮርቻው በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፏል። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጆቼ ናቸው ያደረጉት፤ እኔን አላማከሩኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልማር ስሄድ አባቴ ያሠራልኝ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለኝ፤ መጻሕፍቴ ይቀመጡበታል። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥቼ መሬት ላይ ደረደርሁ። ኮርቻውን ከተትሁት። አናጢው ልኩን ከበቅሎዋ ጀርባ የወሰደ ይመስል ልክክ ብሎ ገባ።

የመጀመሪያው ቀን በሳቅ አለፈ። እናቴ ልትደብቅ ስትሄድ ኮርቻው የለም፤ አባቴ የቀደማት መስሏት ፈገግ አለች። አባቴም እሷን አይቶ ፈገግ አለ። አያ ደምሌ አልጋው ዘንድ ደርሰው፣ እንደ ደንቡ «ወዴት ገባ» ሊሉ ጎንበስ ሲሉ፣ እርካብ የሚባል ነገር የለም። ደጋግመው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ቅዳሜ እውነተኛው ፍለጋ ተጀመረ። እናትና አባቴ «አንቺ»፣ «አንተ» ተባብለው ሁለቱም እንዳልደበቁ ሲተማመኑ አባቴ አመድ መሰለ። የእንግዳ ዕቃ፣ ያውም የታላቅ ወንድም ኮርቻ፣ ከቤቱ ጠፋ ሊባል ነው። እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ እንደ ልማዱ ምንም አልወጣም። ይታይሽ እንኳ ፍራሽ እያገላበጠች ትፈልግ ነበር፤ እሷ ስትፈልግ ማየት ከሁሉ የከፋ ነበር።

በዚህ መሐል አያ ደምሌ ክፍሌ መጡ። በሩ ላይ ቆመው መሬት ላይ የተደረደሩትን መጻሕፍት አዩ፤ ሣጥኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ምነው፣ መጻሕፍቱ ወረዱ?»

«ፀሐይ እንዲያገኙ ብዬ ነው።»

ክፍሌ መስኮት የለውም። አያ ደምሌ ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱና «ሸጋ» አሉ። ከዚያም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። «እስቲ አንዱን አንብቢልኝ።»

አነበብሁላቸው። ያገኘሁት ስለ ወንዞች የሚያትት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። ድምፄ እንዴት እንደነበረ አትጠይቁኝ፤ ይጠይቁኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዓባይ ስንት አገር ያቋርጣል? አቋርጦስ ሲያበቃ የት ይገባል? ይታይሽ ከበሩ ሆና ከኔ ቀድማ መለሰችላቸው። አንዴ እሷን፣ አንዴ መጽሐፉን አዩ።

አባቴ ከጎረቤት ኮርቻ ልዋስ ቢል፣ በቅሎዬ የሰው ኮርቻ አትለምድም አሉ። በገበያው የጭነት ማኪና ይሂዱ ቢባሉ፣ ማኪና ያዞረኛል አሉ። በእግርስ? ባለበቅሎ ሰው በእግሩ ሲገባ አገሩ ምን ይላል? ይህን ሁሉ የመለሱት ከሣጥኑ ላይ ሳይነሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሰዓት ጠየቁኝ። ስድስት ሆኗል አልኋቸው። «እንግዲህ ሽማግሎቹ ይኸኔ ቤቴ መጥተዋል» አሉ። አባቴ ጭንቅ ብሎት «የንስሐ አባትዎ ይቀየሙዎታል እኮ» ቢላቸው፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ተያዝሁ» አሉት። ከዚያም ወደኔ ዞረው «ቀጥይ፤ ተከዜ ላይ ነበርን።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሁሉን ልናዘዝ ወስኜ ስነሣ፣ አያ ደምሌ ጫማቸውን አጥልቀው የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

«ተማሪዋ፣ መጻሕፍትሽን መልሺ። በቅሎዬን ልጫን።»

ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት። ኮርቻውን አውጥተው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሁለት ቀን ሙሉ እርካቡ ከሥር ሲንኳኳብኝ ነው የከረመ፤ ምነው በጨርቅ ጠቅልለሽ ብትከቺው?»

«ያውቁ ነበር?»

«አንቺ መጽሐፍ መሬት የምታወርጂ ልጅ ነሽ? ሌላ ነገር ሊገባ ካልሆነ በቀር?» ኮርቻውን ትከሻቸው ላይ አወጡ። «እኔ የንስሐ አባቴን እምቢ የምልበት አፍ የለኝም፣ ልጄ። ወንድሜ ቤት ኮርቻዬን ደብቀው ያዙኝ ስል ግን ማን ምን ይለኛል?»

አፍ የሌለኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ከቤታችን ሁሉ ፈሪዋ እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ስኮራበት፣ ለካ የሚጋራኝ ሰው ነበረኝ።

«ይታይሽስ?» አልሁ። ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ እናቴ ከጓዳ ምን ሆነሽ አለችኝ።

«በቅሎዬ የምትችለው አንድ ሰው ነው» ብለው ወጡ።

በኋላ እንደሰማነው፣ ሽማግሎቹ እሑድ መጥተው፣ ጠላ ጠጥተው፣ አያ ደምሌ ጎንደር እንደተያዙ ተነግሯቸው ተመልሰዋል። የንስሐ አባታቸው ወንድም ከያዘውማ ምን ይደረግ ብለው ስቀው አለፉት። ጾሙ ገባ። ይታይሽን ለልጃቸው የጠየቁት ቤተሰቦች መጠበቅ ሰልችቷቸው ሌላ ቤት ሄዱ። ይታይሽ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ንጹሕ ገጾቹ አልቀው ደብተር ግዙልኝ እያለች ታስቸግረናለች።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ በጥምቀት ዋዜማ አያ ደምሌ እንደ ልማዳቸው መጡ። በቅሎዋ ላይ ግን እሳቸው አልነበሩም፤ ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ነው የገቡት። ከላይ የተቀመጠችው ሁለተኛዋ ልጃቸው አንጓች ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጭኗ ላይ የልብስ ጥቅል። እናቴ ልጅቱን ስማ ስታወርድ፣ እሳቸው ኮርቻውን ፈቱ። ገና ሰላምታው አላለቀም። ግድግዳው ላይም አላስደገፉትም፤ በብብታቸው ይዘው፣ አባቴን አልፈው፣ አልጋውን አልፈው፣ ቀጥ ብለው ክፍሌ መጡ።

«መጻሕፍትሽን አውርጂ» አሉኝ።