ከፈለኝ አባ ማንኪያ በቅሎይቱን ከገደል ስላወጣባት ቅዳሜ

ንንግር እንከ ዜናሁ ለከፈለኝ። በዘመነ ማርቆስ፣ እናቱ ወይዘሮ ንጋቷ በቀይ ጭቃ ተንሸራተው ዳሌያቸው በተሰበረ በሁለተኛው ዓመት፣ መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን በከረመበት ወራት፣ ሰማዩም እንደ ልማዱ በሚዛን ተፈሪ ኮረብቶች ላይ ደመናውን ሳያወልቅ በሰነበተበት ሳምንት፣ የጠዋት ፈረቃ የጂኦግራፊ መምህር፣ አጥሚት አማሳይ፣ ትራስ አስተካካይ፣ ጉልበት አሺ፣ የብዙ ታሪኮች ጀማሪና የጥቂቶች ጨራሽ የሆነው ከፈለኝ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ አስታማሚዎችም ደራሲዎችም ያልደፈሩትን ታላቅ ሥራ ሠራ። ፈረስ ባይኖረውም የፈረስ ስሙ አባ ማንኪያ ነበር፤ ይህንም ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፣ በቀኝ እጁ ማንኪያ በግራው እስክሪብቶ ይዞ ከማጀት ወደ እናቱ አልጋ፣ ከአልጋው ወደ መስኮቱ ሲመላለስ ዘወትር ስለሚያዩት።

ለዚህም ጀግና ሦስት ግዛቶች ነበሩት። ፊተኛይቱና ከሁሉ የምትበልጠው እናቱ ናት፤ ማጂ ተወልደው በልጅነታቸው በበቅሎ ጀርባ ወደ ሚዛን የወረዱ፣ ከወገባቸው በታች ቢደክሙም ከወገባቸው በላይ አገር የሚያስተዳድሩ ሴት። ሁለተኛይቱ ብዕሩ ናት። ሦስተኛይቱ፣ ትንሽ ብትሆንም በልቡ የከበረች፣ በሔለን ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምትቀርብ አንዲት ብርጭቆ ስፕሪስ ናት፤ አቮካዶዋ ከታች፣ ማንጎዋ ከመሐል፣ ፓፓያዋ ከላይ። ነገር ግን ሁለቱን ሲይዝ ሦስተኛይቱ ትሸፍትበት ነበር፤ አንድ ቀን ለገደል የሚስማማ ቃል ሲፈልግ አጥሚቱ አረረ፣ ሌላ ቀን አጥሚቱን ሲጠብቅ ቃሉ ጠፋ፣ ሁለቱ በተስማሙበት ቀን ደግሞ ጁስ ቤቱ ተዘጋ፤ እንዲህም ከሦስት ያጣ ጎመን ሆኖ ሁለት ዓመት ኖረ። እናቱን ግን አንድ ቀን ስንኳ ሳያጥብ፣ ሳያበላ፣ ጉልበታቸውን በዘይት ሳያሽ አልዋለም፤ ይህን የሚንቅ ሰው ቢኖር ከዚህ ዜና ይውጣ፤ ንባቡ አይገባውም።

በዚያም በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የንባብ ማኅበር ይሰበሰብ ነበር። የማኅበሩም ሊቀ ጉባኤ ሲላስ፣ ጺሙ ረጅም ትዕግሥቱ አጭር የሆነው፣ ከፈለኝ የበቅሎ ነጂውን ታሪክ አመጣለሁ ብሎ ሁለት ቅዳሜ ስለ ቀረ፣ የብርጭቆ ከንፈር በማንኪያ አስመትቶ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦

“ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! መምህር ከፈለኝ ታሪኬ አልቋል፣ ጫፉ ብቻ ቀረ እያለ ጫፉ ላይ አንጠልጥሎናል። በመጪው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀረበ ተራው ከእንግዲህ ለአቶ ሲሞን ነው፤ አቶ ሲሞንም ስለ ቡና በሽታዎች የገጠመውን ረጅም ግጥም፣ በሽታዎቹን አንድ በአንድ፣ ከነመድኃኒታቸው ያነባል!”

ይህንም አዋጅ የሰሙ የማኅበሩ አባላት ሁሉ በየቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ንጋቷ ጤና አጥብቀው ጸለዩ።

ወእምዝ ቅዳሜ ነጋ። ከፈለኝ ከዶሮ ቀድሞ ተነሥቶ እናቱን አጠበ፣ አንሶላ ለወጠ፣ ጉልበት አሸ፣ አጥሚቱን ሳያሳርር አወረደ፤ በየመካከሉም ወደ መስኮቱ እየሮጠ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ጣለ። ከራስጌ “ከፈለኝ!” የሚል ጥሪ በተሰማ ጊዜ ግሡን ሳይጨርስ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስም ግሡ እንደ ታዛዥ ወታደር በቦታው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ቀትር ሲሆን ታሪኩ አለቀ፤ ቡና ጭና ከማጂ የተነሣችው በቅሎ ገደል ገብታ ሞተች፣ ነጂውም በዝናብ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ፣ ከፈለኝም ከነጂው ጋር ጥቂት አለቀሰ፤ ያማረ ፍጻሜ መሰለው። የሚያሳዝን ካልሆነ ታሪክ አይባልም የሚል ትምህርት ተምሮ ነበርና። በጎ እንስሳ በደህና ወደ ቤቷ ብትገባ ምን ነውር እንዳለበት ይህን ያስተማሩት ሁሉ እስከ ዛሬ ሊያስረዱን አልቻሉም።

የቀትር ሥርዓትም እንዲህ ነበር፤ ወይዘሮ ንጋቷ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ልጃቸው ጥቂት እያነበበላቸው ያሸልባሉ፤ ጎረቤቲቱ ውድነሽ፣ ኮረሪማና እርድ ነጋዴዪቱ፣ መጥታ ትጠብቃቸዋለች። በዚያች ዕለት ግን ከፈለኝ ደስታው ስላስቸኮለው ንባቡን ከኪኒኑ አስቀደመ። ይህ የስልት ስሕተት ነበር። በቅሎይቱ ገደል በገባች ጊዜ ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ገለጡ፣ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ከአልጋቸውም ዙፋን ላይ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

“ስማኝ፣ ከፈለኝ! ያቺ በቅሎ ምን አደረገችህ? እሷ በገዛ እግሯ ገደል የምትገባ አይደለችም፤ አንተ ነህ የገፋሃት! እኔን ከማጂ ያወረደችኝ በቅሎ ናት፤ ስንት ገደል አልፋ እዚህ ስታደርሰኝ አንዴ አልተደናቀፈችም። እንግዲህ ያቺ ምስኪን እስክትወጣ ድረስ ይህ አፍ ኪኒን አይቀበልም። ጨርሻለሁ!”

አፋቸውንም ገጠሙ፤ እንደ ከተማ በርም ተዘጋ።

ከፈለኝ ግን ስለ ፍጻሜው ውበት ልቡ ጸንቶ ነበርና፣ ኪኒኑን ለሁለት ሰብሮ በላመ ሙዝ ውስጥ ሸሽጎ በማንኪያ አቀረበ። ወይዘሮ ንጋቷም አንድ ጊዜ በምላሳቸው መርምረው ጉዳዩን ከደረሱበት በኋላ ሁለተኛውን አዋጅ አወጡ፦

“ሙዝ በዚህ አገር መሮ አያውቅም! በቅሎ ገዳይ ብቻ መስለኸኝ ነበር፤ ለካ ሰላይም ነህ!”

ውድነሽም ከደጅ በገባች ጊዜ ነገሩን ሰምታ፣ እጇን በወገቧ አድርጋ፣ ለእርዳታ እንደ ተጠራች ረስታ ወደ ወዲያኛው ጦር ተቀላቀለች፤ እንዲህ ስትልም ተናገረች፦

“እማማ ንጋቷ እውነታቸውን ነው! በቅሎ የሚሞትበት ታሪክ እኔም አልሰማም። እሄዳለሁ ካልክ ሂድ፤ እኔ እጠብቃቸዋለሁ። ኪኒኑ ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ ኋላ በእኔ እንዳታሳብብ!”

ጀግናው በሁለት ገደሎች መካከል ቆመ። ቢሄድ እናቱ ኪኒኑን ሳይወስዱ ይውላሉ፤ ይህን ያደረገ ልጅ ደግሞ ምን ጽፎ ምን ይጠቅማል? ቢቀር ተራው ይጠፋል፣ ሁለት ዓመት ከአጥሚት ከእንቅልፍም የሰረቃት ታሪክ ሳትነበብ ትቀራለች፣ ሲሞንም ይነሣል። ስለዚህ አባ ማንኪያ ኩራቱን ዋጠ፤ በዚያች ቀን ከእናቱ በፊት መራራ ነገር የዋጠ እርሱ ነው። ድምፁንም ከፍ አድርጎ በቅሎይቱን አወጣታለሁ ሲል ቃል ገባ። ወይዘሮዋ ግን ሦስተኛውን አዋጅ ጨመሩ፦

“በቃልህ አላምንም! ጣሪያውን አስጠግናለሁ ካልክ ስንት ዝናብ አለፈ? ያ ሳፋ እስከ ዛሬ ከራስጌዬ ጠብታ ይቀበላል። እዚያው ማኅበራችሁ ድረስ ሄጄ በምስክር ፊት ስትወጣ እሰማለሁ፤ ኪኒኑንም እዚያው እውጣለሁ። ነጠላዬን አምጡ፤ ያችን ጥለት ያላትን!”

ወሰሚዖ ዘንተ ከፈለኝ ደነገጠ፣ ደስም አለው። እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ ካልሆነ በቀር ከወደቁ ወዲህ ከግቢው ደጅ አልወጡም ነበርና። ወዲያውም የዘመቻ ክተት ታወጀ። ቀኝ ብብታቸውን የምትይዝ ውድነሽ ስለ ሆነች ቀኛዝማች ተባለች፤ ግራ ብብታቸውን የሚይዝ አናጺው ጎረቤት ባየ ስለ ሆነ ግራዝማች ተባለ፤ የባጃጅ ነጂው ሱሀይብም ባልደራስ ሆኖ ባለ ሦስት እግሩን ሰጋር እያስጓራ በደጅ ቆመ። ከፈለኝም ክፉ ቀን ቢመጣ ብሎ ስንቁን ጫነ፤ ብርድ ልብስ ከነመለወጫው፣ ትራስ ትልቅና ትንሽ፣ አጥሚት ከነድስቱ፣ ፔርሙስ፣ ፖፖ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ዘይት ለጉልበት፣ ሳፋም ጭምር። በባጃጇ ውስጥ የሰውና የዕቃ ድንበር ጠፋ። በወይዘሮዋ ራስ ላይም ጃንጥላ እንደ ንጉሥ ድባብ ተዘረጋ፣ ሠፈሩም ሁሉ ለማየት ወጣ፣ እርሳቸውም ለቀኝና ለግራ እጅ እየነሡ አለፉ።

ወኮነ በዳገቱ ላይ፣ ቧንቧው በተቆፈረበት፣ የባጃጇ የኋላ እግር በጭቃ ተዋጠ። ሱሀይብ ነዳጅ ሰጠ፤ ጭቃው ተረጭቶ ባየን ሌላ ሱሪ አለበሰው። ባልደራሱም በብስጭት እንዲህ ሲል አሰማ፦

“ወገኖች፣ ይቺ ባጃጅ ናት እንጂ መርከብ አይደለችም! ድስት የጫነ ማነው?”

ከፈለኝ ሊገፋ ወረደ፤ ባየም ወረደ፤ ገፉ፣ አልተነቃነቀችም፣ ዘጠኝ ሰዓትም ቀረበ። ያን ጊዜ ከድባቡ ሥር አራተኛው አዋጅ ወጣ፦

“አራግፉ! በማጂ ዳገት በቅሎ ስትለግም አባቴ አይመታትም ነበር፤ ጭነቷን ያራግፍላት ነበር። ይህ ሁሉ ብርድ ልብስ ለማን ነው? እኔ ለግማሽ ቀን ነው የወጣሁት፤ ልዳር አይደለም!”

ከፈለኝም ዕቃውን አንድ በአንድ አወረደ። መጀመሪያ ሳፋው ወረደ፣ አልከበደውም፤ ድስቱ ወረደ፣ ጥቂት ከበደው፤ ሁለተኛው ብርድ ልብስ ሲወርድ ግን እጁ እምቢ አለው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ቢጎድል እናቴ ትጎዳብኛለች እያለ ያደረ ሰው ነውና። ቀና ብሎ ቢያይ ግን እናቱ ብርድም አልነካቸው፤ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ነጠላቸው ወደ ኋላ ወድቆ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በስም እየጠሩ ይስቃሉ። ብርድ ልብሱን ወረወረው። ዕቃው ሁሉ በአንድ ፀጉር አስተካካይ በረንዳ ላይ በአደራ ተከመረ፤ ባጃጇም አንድ ጊዜ አጓርታ፣ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዳ፣ ከጭቃው ወጣች። ዐቢይ እልልታም ሆነ።

በዚያው ቅጽበት ከፈለኝ በቅሎይቱ እንዴት እንደምትወጣ አየ። ወረቀቱንም አውጥቶ፣ ጠረጴዛ ስለሌለ የግራዝማች ባየን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ፣ በውድነሽ ነጠላ ጥግ ከዝናብ ተሸሽጎ ጻፈ፤ ባየም ጎንበስ ብሎ ሳለ እንዲህ ሲል አዋጅ አሰማ፦

“አራት ነጥብ ስታደርግ ቀስ በል! አራቴ ነው የምትወጋኝ!”

ወደ ጁስ ቤቱ በደረሱ ጊዜ ሲሞን ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከመግቢያው አልፎ ወደ ፊተኛው በሽታ ሊገባ ነበር፤ ማኅበሩም ፍርዱን እንደሚጠብቅ እስረኛ አቀርቅሮ ነበር። በቀኛዝማችና በግራዝማች መካከል ወይዘሮ ንጋቷ ሲገቡ ጉባኤው ሁሉ ብድግ አለ፤ ከአክብሮትም ነበር፣ ከነጻነትም። ሲሞን እንኳ፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ ወንበሩን ለቆ ሰጣቸው።

ከፈለኝም ቆሞ አነበበ። በቅሎይቱ ከማጂ ተነሣች፣ ዝናቡ ዘነበ፣ እግሯ ከዳት፣ ከገደሉ እርከን ላይ ተንጠለጠለች፤ ነጂው ገመዱን ጎተተ፣ አልወጣችም፤ የዓመት ልፋቱ የሆነው ቡና በጀርባዋ ነበርና መፍታት አልሆነለትም። ጁስ መፍጫው ዝም አለ። ኋላም ነጂው ቢላዋውን አውጥቶ መጫኛውን ቆረጠ፤ ቡናው ወደ ገደል ፈሰሰ፤ በቅሎይቱም ቀልሏት፣ ተንፈራግጣ ወጣች፣ አፍንጫዋንም በደረቱ ላይ አኖረች። ቡናው በወደቀበትም ሸለቆ ውስጥ ከዓመታት በኋላ የቡና ዱር በቀለ።

ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ባነሡ ጊዜ ግን ሲላስ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። ወይዘሮ ንጋቷ፣ ነፋስና ሳቅ ያደከማቸው፣ ነጂው ቢላዋውን ከማውጣቱ በፊት አንቀላፍተው ነበር። ሊቀ ጉባኤውም በሹክሹክታ አወጀ፦

“ያጨበጨበ ማኅበርተኛ አንድ ወር የሲሞንን ግጥም ብቻውን ይሰማል!”

ስለዚህ ጉባኤው ሁሉ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ጣቶቹን በዝምታ አርገበገበ፤ ከፈለኝም ከዚህ የሚበልጥ ጭብጨባ በዘመኑ አልሰማም። ሔለን ስፕሪሱን በፊቱ አኖረች። ተቀመጠ። ስሙን የጠራ አልነበረም። ከፓፓያው አንድ ማንኪያ ወሰደ፣ ከማንጎው ዳር ነካ፣ እናቱ ሲተነፍሱ እየሰማ ዝናቡን አየ፤ ሦስቱ ግዛቶች በአንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ያለ ጦርነት ተቀመጡ።

ወደ አቮካዶው ሳይደርስ ወይዘሮዋ ነቁ፣ ዙሪያቸውንም አይተው በአዋጅ ድምፅ ጠየቁ፦

“በቅሎዋስ?”

ጉባኤው ሁሉ፣ ሲሞንም ሳይቀር፣ ባልደራሱም ከደጅ፣ በአንድ ቃል መለሰ፦

“ወጥታለች!”

ያን ጊዜ የከተማይቱ በር ተከፈተ። ከፈለኝ ሌላ ኪኒን ከኪሱ አውጥቶ በምላሳቸው ላይ አኖረ፤ እርሳቸውም ማወራረጃ ሲፈልጉ የልጃቸውን ብርጭቆ አንሥተው፣ ማንጎውን ከአቮካዶው ሳይለዩ እስከ ታች ጠጡ፤ ከንፈራቸውንም ጠርገው ወደ ሲሞን ዞረው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

“አንተ ደግሞ የታመመ ቡና ይዘህ መጥተሃል አሉ። በመጪው ቅዳሜ መጥቼ እሰማሃለሁ። ግን አንድ እግር ቡና ቢሞትብኝ ኪኒን አልውጥም!”

ሲሞንም እጅ ነሥቶ ግጥሙን ሊያክም ወደ ቤቱ ሄደ፤ ማኅበሩም የጠፋውን ስፕሪስ በሌላ ተካ፤ በመመለሻቸውም ድስቱ በአደራው ቦታ ተገኘ፣ አጥሚቱ ግን በፀጉር አስተካካዩ ደንበኞች ተቀምሶ ተመስግኖ ነበር።

እንግዲህ ከአባ ማንኪያ ማን ይተካከላል? ሌሎች አገር አቀኑ፤ እርሱ ትራስ አቀና። ሌሎች ምሽግ ሰበሩ፤ እርሱ ኪኒን ለሁለት ሰበረ። ሌሎች ስማቸው ይጠራ ዘንድ ብዙ ነፍስ ወደ ገደል ሰደዱ፤ እርሱ ስለ እናቱ አንዲት በቅሎ ከገደል መለሰ። እናቱን ሳይተው የጻፈ፣ ብዕሩን ሳይጥል ያስታመመ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ተቀምጦ ዝናብ ያየ፣ ከፈለኝ ወልደ ንጋቷ፣ ብርሃነ ሚዛን፣ መድኅነ በቅሎ! እግዚአብሔር አጥሚቱን ከማረር፣ ብዕሩን ከመድረቅ፣ ጣሪያውን ከማፍሰስ ይጠብቅለት፤ ስፕሪሱንም ከእናቱ እጅ ይጠብቅለት ባልን ነበር፣ ነገር ግን የማይሆን ጸሎት መጸለይ አይገባም። አሜን።