ኡስታዝ ዋጊህና ዐይን ያላቸው መብራቶች

በየሰፈሩ ተሳስቶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለእስክንድርያ የሙሐረም ቤይ ሰፈር ሰዎች የደረሱን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ክቡር ኡስታዝ ዋጊህ ናቸው፤ ኡስታዝ የምንላቸው ለአክብሮት ነው። ፎቶህ ከተንሻፈፈ የተንሻፈፈው አንገትህ ነው። ሕፃኑ ካለቀሰ እናቱ ናት አያያዝ ያላወቀችበት። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ የሌላ ሰው ፎቶ ሰጥተውት ሊመልስ ሲመጣ፣ ከላይ እስከ ታች አዩትና "ከስተሃል" አሉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ "ዋጊህ አይስትም" ብለው ዘጉት።

ትልቁ ኩራታቸው ሦስቱ መብራቶቻቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ጀርባ ሽንብራ የምታክል የመስታወት ዐይን አለች። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሿ ፍላሽ ብልጭ ስትል ዐይኗ ታያትና ትልቁ መብራት በዚያው ቅጽበት ቦግ ይላል። ሽቦ የለ፣ ምን የለ። የፓስፖርት ፎቶ ልትነሣ ከገባህ ይህን ትምህርት ሳትወስድ አትወጣም። እኔ አራት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ አራተኛውን ጥርሴን እያመመኝ።

ባለፈው የሻም ኤል ነሲም የጸደይ በዓል አክስቴ ሐጃ ኢንሺራህ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስድስቱንም ልጆቿን በአንድ ገበታ ዙሪያ አገኘቻቸው። ጨው የጠገበውን ፈሲኽ አሳ በለጋ ሽንኩርት በልተን እንደጨረስን፣ ትልቁ ልጇ ሹክሪ ወደ ኩዌት ሳይመለስ አብረን ፎቶ ካልተነሣን ብላ ሙጭጭ አለች። ደግሞ መቼ እንደምትሰበስባቸው አታውቅማ። አውሮፕላኑ የሚነሣው አመሻሽ ላይ ነው። ኡስታዝ ዋጊህ በዓላቸውን ትተው ፎቶ ቤቱን ከፈቱልን፤ ይህን አልክድም።

ካሜራቸው ግን በዚያው ሳምንት የገዙት አዲስ ነበር። አነሡን። ሦስቱም መብራቶች ቦግ አሉ፤ ፎቶው ግን ጭልም ብሎ ወጣ። ደገሙት፤ ያው ነው። መጀመሪያ ጥፋተኛው የሹክሪ ጥቁር ኮት ሆነና አስወለቁት። ቀጥሎ የባሕሩ እርጥበት ተወቀሰ። በመጨረሻ፣ ወላሂ አልዋሽም፣ ፈሲኹን ወነጀሉ፤ ሽታው የመብራቶቹን ዐይን ያደነዝዛል አሉ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሳቸው ሳይስቁ አሁንም አንድ አነሡ። ያው ጨለማ።

ከዚያ ሹክሪ ሰዓቱን አየ፣ ሳቁም ቀረ። አክስቴ የልጇን ክንድ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። የኡስታዝ ዋጊህ ላብ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል።

"ዋጊህ ልጄ፣" አለች አክስቴ፤ በሰፈሩ እንዲህ ብላ የምትጠራቸው እሷ ብቻ ናት። "ይቺ ካሜራህ እኮ ሁለቴ ነው ብልጭ የምትለው። በመጀመሪያዋ ደንግጬ ዐይኔን እጨፍናለሁ፣ ስገልጠው ሁለተኛዋ ትመጣለች። መብራቶችህም እንደኔ በመጀመሪያዋ እየደነገጡ እንዳይሆን።"

ነገሩ ለኡስታዝ ዋጊህ ወዲያው ገባቸው። አዲሱ ካሜራ ፎቶውን ከማንሣቱ በፊት ብርሃን ለመለካት ትንሽ ብልጭታ ይልካል። የመብራቶቹ ዐይን ደግሞ የቱ መለኪያ፣ የቱ ማንሻ እንደሆነ አይለይም፤ መብራቱም በመጀመሪያዋ ጉልበቱን ይጨርስና ዋናዋ ስትመጣ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ካሜራውን ጎርጉረው አንዴ ብቻ ብልጭ እንዲል አደረጉትና አነሡን። እኔ ሳልቀር ስምንታችንም ጥርት ብለን ወጣን። ሹክሪ የእናቱን ግንባር ስሞ፣ ኮቱን አንጠልጥሎ ሮጠ።

በሳምንቱ ኡስታዝ ዋጊህ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ አዲሶቹ ካሜራዎች ቀድመው ብልጭ እንደሚሉ እሳቸው ገና ሳይገዙ እንዴት እንደደረሱበት ለሺሻ አጫሾቹ ያስተምሩ ነበር። "ዋጊህ አይስትም" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው፣ ኡስታዝ" አልኩ።

ምን ላድርግ። በዚያው ጠዋት ፎቶውን ቤቴ ድረስ አምጥተውልኝ ነበር፤ ፖስታው ውስጥ ደግሞ ያላዘዝኩት ሌላ ፎቶ አገኘሁ፣ ከጨለሙት አንዱን። መስኮት ላይ ይዤ ሳየው አክስቴ ዐይኗን ጨፍና፣ ሹክሪ ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። ጥርት ካለው ይልቅ እሱን ወደድኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ "የኔ ስህተት ነበር። ዋጊህ" ይላል።

መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ለማንም አላሳይም፤ እሳቸው እንደሆኑ ተሳስተው አያውቁም።