አንቱ የተባሉት ሜሎን

ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር አለ፤ መብራት የሚጠፋበትም አለ። ውድ ፍሬ ገዝቶ ዋጋውን ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው የጠፋበት ሰፈር ግን ተፈልጎም አይገኝ። እኛማ ታድለናል፤ ክቡር አጋፋሪው አሉን።

አጋፋሪ ያልናቸው እኛ ነን እንጂ ሥራቸው ሰዓት መጠገን ነው። ሱቃቸው ከደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ጫማቸው ሶሉ በላይ በላዩ ተቀይሮ የመጀመሪያው ቆዳ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ ኮታቸው ክርኑ ላይ ያበራል። ገንዘባቸው የት እንደሚገባ የሚያውቀው ፍሬ ሻጩ ነው። "ርካሽ ፍሬ ይበላል፤ ውድ ፍሬ ይስተናገዳል" ይላሉ። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚህ ነው፤ ፍሬን እንደ ታላቅ እንግዳ አጅበው ነው ቤት የሚያስገቡት።

አነጋገራቸውም ሥርዓት አለው። ሙዝ "አንተ" ነው። ብርቱካን እንደ ወቅቱ ይታያል። በሳጥን ተኝቶ የሚመጣ ሁሉ ግን "እርስዎ" ነው። እንጆሪ እስከ አምና "አንቺ" ነበረች፤ ዋጋዋ ሲሰቀል "እርስዎ" ሆነች፤ ሆኑ ልበል እንጂ። ማንጎ በአንጻሩ በጋሪ መሸጥ ሲጀምር ሹመቱን ባንድ ቀን ተገፎ "አንተ" ተባለ። አንዴ ፍሬ ሻጩ የወይን ዘለላ በጭራው አንጠልጥሎ "ይሄስ?" ቢላቸው፣ "ቀስ፣ አንገታቸውን" ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ቤታቸው የሄድኩ ቀን አንድ ኮክ ብቻውን ሳህን ላይ ተቀምጧል። እጄን ስዘረጋ "ተያቸው ልጄ፣ ከመንገድ ገብተው ገና አረፍ አላሉም" አሉኝ። ኮኩን ሳልቀምስ ዋጋቸውን ጠግቤ ወጣሁ።

ታዲያ አባቴ ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እኛ ቤት ተኙ። ሐኪሙ "አጥንታቸው ገጥሟል፤ አሁን ተነስተው ካልተራመዱ ግን እግራቸው መሄድ ይረሳል" ብሎናል። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "ነገ" ይላሉ። ለመንናቸው፤ ነገ። ወንድሜ በብብታቸው ገብቶ ሊያነሳቸው ሞከረ፤ ነገ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ማልቀስ ጀምሬያለሁ።

በዚህ መሃል አጋፋሪው ሊጠይቁ መጡ፤ ሳጥን ታቅፈው። ሳጥኑ ሲከፈት አንድ ሜሎን በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደ ጨቅላ ተኝቷል። የአባቴ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብለን ሳሎን ተቀመጥን። አጋፋሪው ሜሎኑን እንደ ቆመ ሰዓት ወደ ጆሯቸው አስጠጉና በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"እንዴት ናቸው?" አልኩ። በአጋፋሪው ፊት ሜሎንን አንተ ማለት አይታሰብም።

"ላያቸውን ሲያዩት ደህና ይመስላሉ" አሉ። "ከሥር ግን ለስለስ ብለዋል። ሽታቸውም መጣ መጣ ብሏል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ነገ ጠዋት መቆረጥ አለባቸው።"

"ትንሽ ብንጠብቅስ?"

"ከነገ አያልፉም ልጄ፤ እኔ ስንቱን አይቻለሁ። መሃል ለመሃል ከፍሎ፣ ሆዳቸውን በማንኪያ ጠርጎ ማውጣት ነው። ቢላዋ አላችሁ?"

"የሽንኩርቱ አለ።"

አልጋ ሲጮህ ሰማን። ቀጥሎ ምርኩዝ ወደቀ። ቀጥሎ በሩ ተከፈተና አባቴ በአንድ እጃቸው ፒጃማቸውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው ብቅ አሉ።

"ማነው እኔን በሽንኩርት ቢላዋ የሚቆርጠው?"

አጋፋሪው ብድግ አሉ። "ኧረ እርስዎን አይደለም ጋሼ፤ እሳቸውን ነው" ብለው በመዳፋቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ።

አባቴ ሜሎኑን አዩ፤ እኛን አዩ። "ይሄ ነው 'እሳቸው'?"

"ዋጋቸውን ቢሰሙ እንዲህ አይሏቸውም ነበር።"

"ስንት ነው?"

አጋፋሪው ጠጋ ብለው ሹክ አሏቸው። አባቴ ግድግዳውን ለቀቁ። ማንም ሳይደግፋቸው እስከ ወንበሩ ድረስ ሄደው ዘፍ አሉ።

"ቁረጠው።"

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ገና አልበሰሉም..."

"እኔ በስያለሁ። ቁረጥ።"

በዕድሜያቸው ያልደረሰ ፍሬ ቆርጠው የማያውቁት ሰው በሽንኩርት ቢላዋ ቆረጡ። ጣዕሙ እንዴት ነበር ብትሉኝ አላውቅም፤ ሁላችንም ስንበላ የምናየው የአባቴን እግር ነበር። አጋፋሪውም ዋጋውን ሳይደግሙት ወጡ። እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ አባቴ ምርኩዛቸውን ጠየቁ። "ያንን ዋጋ ሳያፍር የጠራውን ሰውዬ በዓይኔ ካላየሁ አልተኛም" አሉ። አጋፋሪው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ክንዳቸውን ሰጧቸውና ወጡ።

"ዛሬስ ስንት ነው?" ይላሉ አባቴ ፍሬ ሻጩን።

"የትናንቱ ነው አባባ።"

"ትናንትም አላፈርክ፣ ዛሬም አላፈርክ።"

ምንም ሳይገዙ ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ እግሬን አላነሳም ብለው ይምላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ናቸው። ከመስኮት ሆኜ አያቸዋለሁ። አጋፋሪው በአቋራጩ አይወስዷቸውም፤ ሆን ብለው በዙሪያው መንገድ ይዘዋቸው ይሄዳሉ፣ ያውም በዚያ ጫማ፤ "ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ማንም አይቀድመንም" እያሉ።

ፍሬ ተወደደ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር አብሬ ከንፈሬን እመጣለሁ። በሆዴ ግን ዋጋው እንዳይወርድ የምጸልይ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።